ባዶውን የማይመለስ ሳህን

እናቴ ስንዱ ከጋይንት መጥታ ሱሉልታ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏት ነበር። እኔንም የወለደችኝ እዚሁ ነው። ይሁንና «ሀገራችን» ስትል ሱሉልታን ማለቷ አይደለም። እኔ ያን ሀገሯን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ከጎረቤታችን ከአደ ደስታነሽ ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጣላሁ፣ በኦሮምኛ እየታረቅሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ኦሮምኛ ትሰማለች፤ ተናገሪ ሲሏት ትግደረደራለች። በርበሬና ሽሮ ስትሸጥ ግን፣ ዋጋ ላይ ከተከራከሯት አፏ ይፈታል።

በ2008 ኅዳር የአዲስ አበባን ወሰን ወደኛ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሣ። መንገዱም ሱቁም ተዘጋ። የደስታነሽ የበኩር ልጅ ኢተፋ ከጓደኞቹ ጋር ታሰረ። አባቴ እሸቴ አዲስ አበባ ሥራ ላይ እንዳለ መንገዱ ተዘጋበትና ደወለ።

«መኪና እንዳገኘሁ መጥቼ አወጣችኋለሁ። እህቴ ቤት እንገባለን። ዕቃውን ሸክፊና ጠብቂኝ።»

እናቴ እያለቀሰች ሸከፈች። በዚያ ሁሉ መሃል ደስታነሽ ቤት ብቅ አላለችም። መጤ ናት እንዳይሏት ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን እፍረቷ ይብሳል። «ልጇ ታስሮ እኔ ልሸሽ ነው። ምን ብዬ ልግባ?» ትለኛለች። ያቺ አፈኛ እናቴ ቃል ሲጠፋት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ደስታነሽ ራሷ መጣች። በእጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች።

«ላሚቱ ወለደች። ለሮዳስ እንገር አምጥቼላት ነው» አለች።

የታሰሩትን ጆንያዎች አየች። ሳህኑን ሰጥታን ሄደች።

እንገሩን በላን። እናቴ ሳህኑን አጥባ አደረቀችና ይዛው ቆመች። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ትንሽም ብትሆን የሆነ ነገር ይደረግበታል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ያልታሰረ ነገር የለም።

«ሮዳስ፣ የበሶውን ጆንያ ፍቺው።»

«አባዬ ሊመጣ ነው እኮ።»

«ፍቺው አልኩሽ።»

በሶውን በቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራች። ጭኮ ያስተማረቻት ደስታነሽ ናት፤ ቅቤውም ከእሷው ቤት የመጣ ነው። እናቴ ግን ስትሠራው ራሷ የፈለሰፈችው ይመስል ትኮራለች። ጭኮ ቶሎ ስለማይበላሽ ለመንገደኛም ለታሳሪም ስንቅ ይሆናል። ግማሹን በደስታነሽ ሳህን አደረገችው። የራሷን ባለአበባ ሳህን ደግሞ ከጆንያ አስወጥታኝ ሌላውን ግማሽ እሱ ላይ ሞላችው። ሁለቱንም ይዘን ሄድን።

«አካም ጂርታ፣ ደስታነሽ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻት፣ ማንም ሳያስገድዳት። «ይሄ ያንቺ ነው። ይሄኛው የኢተፋ ነው፤ አብረን እናደርስለታለን።»

ደስታነሽ ሳህኖቹን ተቀብላ አስቀመጠችና እናቴን አቀፈቻት። ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀሉ ተላቀሱ። እኔም የማለቅሰው በየትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ጭኮውን ለኢተፋ አድርሰን ከፖሊስ ጣቢያ ስንመለስ አባቴ ደወለ።

«መኪና አግኝቻለሁ። ጨረሳችሁ?»

«አልሄድም» አለችው እናቴ። «ሳህኔ ኢተፋ ጋ ነው።»

«ለአንድ ሳህን ብለሽ?»

«ይዞት እስኪወጣ እጠብቃለሁ።»

አባቴ በመጨረሻ «በሉ በሩን ዝጉ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አለ።

ኢተፋ በጥር ተፈታ። ከስቷል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። በማግስቱ ባለአበባውን ሳህን ራሱ ይዞልን መጣ። አይብ ሞልቶበት ነበር።