«ቅጥር ግቢ» የሚለው ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ ከከላላ ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን ያቀሩ የነበሩት አያቴ ማታ ማታ የኩበቱን ፍም እየቆሰቆሱ የቃላትን አመጣጥ ያወሩልን ነበር። ግማሹን ከራሳቸው እንደሚፈጥሩት ያኔ አልጠረጠርኩም። «ቅጥር ግቢ» ከየት መጣ ብላቸው፣ ድሮ አጥር ሳይታወቅ አንድ ባለጸጋ ጎተራውን የሚጠብቅለት ሰው ቀጠረ አሉኝ። ሰውየው ከደጅ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ቆሞ እንደ እንጨት ደረቀና፣ ከዚያ ወዲህ ግቢ የሚከብበው ሁሉ በእሱ ስም ቅጥር ተባለ።

«ሲደርቅ ማንም አላየውም?»

«አላህ አይቶታል። በይ ተኚ።»

በድርቁ ጊዜ፣ አብዮቱ ከመጣ በኋላ፣ አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ የእርዳታ እህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የሚከፈለው ስንዴ ነበር፤ እናቴና ታናናሾቼ በዚያች ነፍሳቸውን ያቆዩ ነበር። ለሁላችን አልበቃ ስትል አያቴ እኔን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ። ስንደርስ መጋዘኑ በሽቦ ታጥሯል፤ ከሽቦው ውጭ ለእርዳታ ያልተመዘገበ ሰው መሬቱን ሞልቶ ተኝቷል፤ አባቴ ዱላውን ይዞ በውስጥ በኩል ቆሟል።

«ልጄ፣ እኛ ነን» አሉት አያቴ።

«አየሁዎ አባባ። ላንቱ ብከፍት ሁሉም ይገባል፤ እኔንም ያባርሩኛል። ቤት ያሉትን ማን ያጎርሳቸዋል?»

አያቴ እጄን ይዘው ወደ ሽቦው አስጠጉኝ። «እውነትህን ነው። እሷን ብቻ አስገባልኝ፤ ትንሽ ናት፣ አትታይም።»

አባቴ ግራ ቀኙን አየና የታችኛውን ሽቦ በዱላው ከፍ አደረገው። በደረቴ ተስቤ ገባሁ። ከጆንያ ጥግ አስቀምጦ አንድ ጣሳ የስንዴ ንፍሮ ሰጠኝ፤ በልቼ እዚያው ተኛሁ። ሲነጋ አያቴ ሽቦው ሥር ሞተው ተገኙ። አባቴ ተረኛው እስኪመጣ ድረስ ከቦታው አልተነሳም፤ ከዚያ ወጥቶ አጠባቸው።

ትምህርት ቤት ስገባ የአማርኛ አስተማሪያችን ቃሉ «ቅጽር» ከሚለው ግዕዝ እንደመጣና ከሥራ ቅጥር ጋር እንደማይገናኝ አስረዱን። እየሮጥኩ ለአባቴ ነገርኩት። «እንዲያ ነው?» አለና ወጣ።

እሱን ለዓመታት ጠልቼዋለሁ፤ ራሴ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ግን አልቻልኩም። የማልምረው ሌላ ሰው አለ። ያ ንፍሮ ትኩስ ነበር፣ ጨው ነበረው፣ ጣፈጠኝ። አያቴ ከሽቦው ማዶ እንደተቀመጡ እያወቅሁ ጨርሼ ጣሳውን ላስሁት፤ አንዲት እፍኝ አላስቀረሁላቸውም።