በካርቶን የተጓዘችው ቤተ ልሔም

ንፋስ መውጫ፣ ሐሙስ ማለዳ

ከንፋስ መውጫ የተነሣነው ሦስት ሆነን ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ፣ ልጄ ፈንታነሽ እና አንድ ትልቅ ካርቶን። የምንሄደው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበር። እዚያ ቅዳሜ የመጫወቻ ጡብ ሠሪዎች ጉባኤ ይደረጋል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጡቡ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ከላዩ ትንንሽ ጉጥ አለው፣ ከሥሩ ክፍት ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ ሲጫኑት ይነክሳል፣ ሲያላቅቁት ይላቀቃል። የተሠራው ለልጆች ነው። ሆኖም ትልልቅ ሰዎች ድልድይና መርከብ፣ ቤተ መንግሥትም ሳይቀር ይሠሩበታል፤ ከዚያም ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ የሥራ ፈት ነገር መስሎኝ ነበር።

ፈንታነሽ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ናት። የሠሪዎቹ ማኅበር መሪ የእስቴ ተወላጅ ስለሆነ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መዋዕለ ሕፃናት ጡብ በውሰት ሰጥቷል። ስምምነቱ አጭር ነው። በጉባኤው የሚመረጠው አንድ ሥራ ሳይፈርስ ወደ አዲስ አበባው ትልቅ ትዕይንት ይሄዳል፤ ለሠሪውም ትምህርት ቤት አዲስ ጡብ በስጦታ ይሰጣል። ያልተመረጠው እዚያው ይፈርስና ጡቡ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል።

ልጄ የሠራችው የአገራችን የጋይንትን ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ልሔምን ነው። ስለ ምን እሷን እንደ መረጠች አልጠየቅኋትም። አባቷ የተቀበረው እዚያ ነው።

ቤተ ልሔምን ያየ ሰው ያውቃል፤ ከውጭ ክብ ናት፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን በክቡ ጣሪያ ሥር ሌላ ጥንታዊ፣ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ተደብቆ ይገኛል። ፈንታነሽ ሁለቱንም ሠርታለች። ጡብ ማዕዘን ያለው ነገር ነው፤ ከማዕዘን ክብ ማውጣት ቀላል አይደለም። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ትደረድራለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ትደረድራለች። ሁለት ክረምት አለፈባት። ጎረቤት «የሕፃናቱን መጫወቻ ቀምታ ትጫወታለች» ይል ነበር። ሰምታ መደርደሯን ትቀጥላለች።

በመኪናው ላይ

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ ፊቱን ቋጠረ።

«እማማ፣ ይኼ ጣሪያ ላይ ይወጣል።»

«አይወጣም» አልኩት።

«ምንድን ነው? ዶሮ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው» አለች ፈንታነሽ።

«እንግዲያማ ጫማችንን እናውልቃ!» ብሎ አንድ እግሩን አነሣ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ሒሳቡን ከሰበካ ጉባኤው ተቀበል!» ብሎ ጮኸ።

ለካርቶኑ የአንድ ሰው ቦታ ከፍለን በመካከላችን አስቀመጥነው። በየጉድጓዱ ፈንታነሽ በሁለት እጇ ትደግፈዋለች። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ የጉና ብርድ በመስኮቱ ገባ። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። የድንች ማሳ ውስጥ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይኮተኩታሉ። ተዘግቶ የቆየው መንገድ ከተከፈተ ብዙ አልሆነውምና ሰው ሁሉ መድረስ አለመድረሱን ያስባል።

ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ካርቶኑን አስከፈተና ጎንበስ ብሎ አየ። «የት ያለች ናት?» ብሎ ጠየቀ። ነገርነው። «የኛ አገሯ ይህን ትመስላለች» አለና የካርቶኑን ክዳን ራሱ መለሰው።

ቤተ ልሔም

ከዋናው መንገድ ወርደን በጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግር ሄድን። አንድ ገበሬ ካርቶኑን አህያው ላይ እንጫን ቢለን ፈንታነሽ እምቢ አለች። በነጠላ አስራ በጀርባዋ አዘለችው።

እዚህ የመጣነው ለመሳለምና ሥራውን ለየኔታ ለማሳየት ነው። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው። ከየአገሩ ተምረው ድጓ ለማስመስከር የሚመጡ ደቀ መዛሙርት በዙሪያቸው ተቀምጠው ነበር። ፈንታነሽ ካርቶኑን ከፈተች። ዜማው ተቋረጠ።

የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ አዩ። «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አሉ።

አንዱ ደቀ መዝሙር «የኔታ፣ ለዚህችኛዋም መሪጌታ ይሹሙላት» አለ።

«አንተን እንዳልሾም ቁመትህ በሩን አያልፍም» አሉት። ሁሉም ሳቁ።

ፈንታነሽ ክቡን ጣሪያ ስታነሣ ሳቁ ቆመ። ውስጡ ያለው የድንጋይ ቤት፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ምሰሶው ሁሉ ታየ። የኔታ በጣታቸው ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከቱ።

«ይኼስ?»

«የመቅደሱ በር ነው፣ የኔታ።»

«ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«መቅደስ ባዶ ይሆናል እንዴ?»

ፈንታነሽ ተጨነቀች። «ታዲያ መንበር ልሥራበት?»

«ገብተሽ አይተሻል?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ሴቲቱ?»

«እንግዲያው ያላየሽውን አትሥሪ። ባዶ ነው ብለሽም ለሰው አታሳይ። ዝጊው፣ ልጄ።»

ለምሳሌ ያህል የተሠራ መጫወቻ ነው ብዬ ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ፈንታነሽ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሩን ነቀለች፣ በቦታው ግድግዳ ደረደረች፣ ከላይም ከደነችው። ከዚያ ወዲያ መቅደሱ ካልፈረሰ አይከፈትም። የኔታ ባረኳት። ያን ዕለት ከዘመድ ቤት አደርን።

ዓርብ፣ ወደ እስቴ

ጠዋት ስንወጣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች ወደ ዓርብ ገበያ ይወርዳሉ። እኛ በተቃራኒው ሽቅብ ነበርን። ደብረ ታቦር ደርሰን ሽሮ በመቶ ሃያ ብር በላን። ሽሮው ቀጭን ነበር። ከዚያ እስቴ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። መካነ ኢየሱስ ስንገባ አቧራው ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አልብሶት ነበር፤ ከውስጥ ግን አንዲት ጡብ አልወደቀችም። ፈንታነሽ ይህን ስታይ ከቤት ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ አዳራሹ

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ተደርድሯል። እውነቱን ለመናገር የሚያስደንቅ ነገር አየሁ። ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት መሐንዲስ የነገሥታት ግንብ ሠርቷል፤ ግድግዳው እንደ ቁም ሣጥን ይከፈትና ክፍሉ፣ ደረጃው፣ አልጋው፣ የአልጋው ልብስ ሳይቀር ይታያል። ሌላው ከክንዴ የሚረዝም ድልድይ ሠርቶ ሁለት ድንጋይ ጭኖበታል። ድልድዩ አልጎበጠም።

ከአጠገባችን የስማዳን መዋዕለ ሕፃናት ወክለው የመጡ ልብስ ሰፊ፣ አቶ ደሴ፣ አውድማ ሠርተው ነበር። በጎኑ ያለችውን እጀታ ሲያዞሯት በሬዎቹ እህሉን እየረገጡ ይዞራሉ። እኔ ሳዞራት አልዞር አሉ።

«እማማ፣ የስማዳ በሬ ካልጮኹበት አይሄድም» አሉኝ።

«ይጩኹበታ።»

«ሃ! ሃ በል!» ብለው ጮኹና እጀታዋን ጠበቅ አድርገው አዞሯት። በሬዎቹ ሄዱ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ መጡ። ዋናው ዳኛ የማኅበሩ መሪ ነው፤ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ትሑት ሰው ነው፤ እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ፈንታነሽ ክቡን ጣሪያ ስታነሣ አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት የእስቴ ሴት እልል አለች። እኔም እንደምንመረጥ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

«ድንቅ ነው፣ እህቴ» አለ ኢንጂነር። «አሁን ይኼንን ክፈቺልኝ።»

«እሱ አይከፈትም።»

«በሙጫ ተጣብቋል?»

«አልተጣበቀም። መቅደስ ነው።»

«እሱማ ይገባኛል። እኔም እዚሁ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ። ግን ስሚኝ፤ ባለፈው ጉባኤ አንዱ ውስጡን በጣውላ ደግፎ አታሎናል። ከዚያ ወዲህ ውስጡ ያልታየ ሥራ አይመዘንም ብለን ደንብ አወጣን። አንድ ጎኑን አንሥተሽ አሳዪኝና ልለፍ።»

«አላነሣም።»

«እህቴ፣ ይኼ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክ ከሆነ ምን ሊያዩ ነው ታዲያ?»

ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። ኢንጂነር አልሳቀም፤ ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ እባክዎ ይምከሯት። ሥራዋ ቢቀር ያሳዝነኛል።»

ልጄን አየኋት። እጇን ጣሪያው ላይ እንዳደረገች ቆማለች። ያንን ጡብ ብታነሣ ሁሉም ነገር የእኛ ነበር፤ አዲስ አበባውም፣ የሕፃናቱ ጡብም። የኔታ ሩቅ ናቸው፤ አያዩም። ይህ ሁሉ በልቤ አለፈ።

«ሥራው የእሷ ነው» አልኩት።

ኢንጂነር ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ወደ አውድማው አለፈ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ኋላ ግን እንድንሰማው ይባል ጀመር። «ጣውላ አለበት»፣ «ባይኖርበት ትከፍተው ነበር»፣ «መቅደስ ብላ ሸፈነችው እንጂ።» ቀደም ብላ እልል ያለችው ሴት ለጓደኛዋ «ጋይንቶች ብልጥ ናቸው» አለቻት።

አቶ ደሴ ዞር ብለው «እመቤት፣ የእስቴ ሰው ካልዳሰሰ አያምንም ሲባል እሰማ ነበር፤ እውነት ኖሯል» አሏት። ሴትየዋ ተቆጥታ ሄደች። ፈንታነሽ ቀና አላለችም። ሳትመረጥ ከመቅረቷ ይልቅ አታላይ መባሏ እንደ ከበዳት አየሁ።

የተመረጠው ግንቡ ነው። ይገባዋል፤ አልክድም።

መፍረሱ

አዳራሹ ከመዘጋቱ በፊት ሥራችሁን አፍርሳችሁ ጡቡን በየቀለሙ አስረክቡ ተባለ። አቶ ደሴ በሬዎቻቸውን እያነሡ «እናንተስ ተገላገላችሁ» ይሏቸዋል። እኛ ጣሪያውን ጀመርን። ሁለት ክረምት የፈጀው ክብ አንድ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ቅኔ ማኅሌቱ ፈረሰ፣ ምሰሶው ፈረሰ። መቅደሱ ብቻ ሲቀር ሰዎች ከየጠረጴዛው እየተነሡ መጥተው ከበቡን። ሁሉም ጣውላውን ሊያይ ነው።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በመቅደሱ ላይ ጣለችው። ከዚያ ሁለት እጇን ከነጠላው ሥር አስገብታ ማፍረስ ጀመረች። የሚታየው የጨርቁ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ጡቡ ሲላቀቅ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሲያልቅ ነጠላዋን አነሣች። ጠረጴዛው ላይ የተበተነ ጡብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ኢንጂነር ቀረበና አንዱን ጡብ አንሥቶ በአውራ ጣቱ አሸው፤ አሸተተው፤ ሌላ አነሣ። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ጣውላ የለም፤ ሙጫ የለም።

«ንጹሕ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ባውቅ ኖሮ…»

«ነግሬዎት ነበር» አለች።

ከከበቡን ሰዎች ይቅርታ ያለ የለም። ወደየጠረጴዛቸው ተመለሱ። ጡቡን በከረጢት አድርገን አስረከብን፤ ተፈራርመን ወጣን።

ንፋስ መውጫ፣ መልስ

እሑድ ተሳፍረን አመሻሹ ላይ ቤት ገባን። በመንገድ የተነጋገርነው ስለ መንገዱ ብቻ ነው።

ጉዞ ያስተምራል ይባላል። እኔን ያስተማረኝ ጥቂት ነው፤ እሱንም ባልማረው ይሻለኝ ነበር። ንጽሕናን ለማስመስከር ሥራን ማፍረስ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ሥራው ከፈረሰ በኋላ የሚመጣው ምስክርነት ደግሞ የፈረሰውን መልሶ አያቆምም። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ደንቡም ያለ ምክንያት አልወጣም። የኔታም አልተሳሳቱም። ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ ነገሩን አላቀለለልኝም።

በሳምንቱ ከኢንጂነር በስልክ መልእክት ደረሳት። ፈንታነሽ ከሥራ እንደ ገባች፣ ሳትቀመጥ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ለሚቀጥለው ጉባኤ ሌላ ነገር ሥሪ ይላል። ውስጡ የሚከፈት። መዋዕለ ሕፃናታችሁን ብትሠሪው ያምራል ይላል።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ጡቡን ከወሰዳችሁ ወዲህ ሕፃናቱ የሚጫወቱት በጭቃ ነው ልለው ነበር» አለች። «ተውኩት።»

ስልኩን አስቀመጠችና ልትታጠብ ወጣች። ጭቃው እስከ ክርኗ ደርቆባት ነበር።