የወልደአረጋይ አውራ ጣት

ወልደአረጋይ ጓደኛውን ገብረ ጻድቅን በአንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ ሸጠው እየተባለ አንኮበር ላይ ይወራል። ቦቲውን እኔም አይቼዋለሁ። ከአልዩ አምባው ነጋዴ ከአብዱልጀሊል በሁለት ማረሻ የለወጠው ነው፤ ያውም ሁለቱም የግራ እግር ናቸው። ደርግ ሰው ቢገዛ መቼም ቀኙን አያጓድልም።

ወልደአረጋይ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ሰደፍ ከወይራ ይጠርባል፣ የተበላ ቃታ ይሞርዳል፣ ከሞተ ሰዓት ሞላ አውጥቶ ለምንሽር ያለብሳል። ሰዉ በፊቱ “ባለእጁ”፣ ከኋላው “ቡዳው” ይለዋል። ጠመንጃው እምቢ ሲለው ግን ሁሉም ጉም ለብሶ ደጁ ላይ ይቆማል። እሱም የሰው ስም ይረሳል እንጂ የሠራውን አይረሳም፤ የጎረቤቱን ጤና እንኳ ሲጠይቅ “ያ ሰደፉ የተሰነጠቀው ሰውዬ ተሻለው?” ይላል።

መሣሪያ አስረክቡ ከተባለ ወዲህ ደብቆ የተገኘ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ይወሰዳል፤ ከዚያ አይመለስም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሚሊሺያዎች ከገደሉ ሥር ካለ ዋሻ አንድ ምንሽር አወጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሰው ሁሉ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ካድሬው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና፣

“ባለእጅ፣ የማን ነው?” አለ።

“አላውቀውም፣ ጓድ።”

“ደህና አድርገህ እየው እንጂ።”

“አየሁት። የኔ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሰደፍ አልጠርብም።”

ይህን ሲል ፊቱ ቀላ። ከሠራቸው ሁሉ አብልጦ የሚኮራው በዚያ ሰደፍ ነበር። የጠመንጃው ባለቤት ገብረ ጻድቅ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጦ መሬት ይጭራል። ጠመንጃው አንድ ጠባይ አለው፤ ከሥር በአውራ ጣት ካልደገፉት ማቀባበያው አይከፈትም። ይህን የሚያውቁት ባለቤቱና ጠጋኙ ብቻ ናቸው።

ካድሬው ጥይት እንዳለበት ሊያይ ማቀባበያውን ሳበ። እምቢ አለው። ደገመ። ከዚያ ድንጋይ አነሳና መታው። ሁለተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ወልደአረጋይ ዘሎ ተነሳ።

“ተው! እንዲህ አይደለም!”

ነጠቀው፤ አውራ ጣቱን ከሥር ሰደደ፤ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ንፍጡን መጥረግ አቆመ።

“አላውቀውም ያልከው ጠመንጃ አንተን ከየት አወቀህ?” አለ ካድሬው እየሳቀ።

ሚሊሺያው የወልደአረጋይን ትከሻ በሰደፍ መታው። ስም አልጠራም። ደገመው። አሁንም አልጠራም። ሦስተኛው ሳይወርድ ገብረ ጻድቅ አቧራውን አራግፎ ተነሳ።

“የኔ ነው። ባለእጁን ተዉት፤ አገሩ ማረሻ ያስፈልገዋል።”

ገብረ ጻድቅን ወሰዱት። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበር ሚስቱ ደመቀች ሽንኩርት ስትልጥ ከረመች። የሚበላው ሰው ግን አልነበረም።

ወልደአረጋይ ከዚያ ወዲህ ማረሻ እንጂ ሌላ አልነካም። በአራተኛው ወር በሁለት ግራ ቦቲ እየተንሻፈፈ ደመቀች ቤት መጣ። እኛ ጎረቤቶቿ ተቀምጠን ነበር። ግባ ያለው የለም። ደጃፉ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን በሌላው መዳፉ ጨበጠና፣

“በድንጋይ ሲመታው አላስቻለኝም፣ እታለም” አለ። “ደህና ጠመንጃ ነበር።”

ደመቀች ሌላ ሽንኩርት አነሳች።