የምራቂው ሳህን

ወረታ ገበያ ሩዝ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ብርና ምላስ። በብሩ ጣሳ ያስለካል፤ በምላሱ ምራቂ ያስጨምራል። ምራቂ ማለት ጣሳው ተለክቶ ካበቃ በኋላ ሻጭ በእጇ ዘግና የምትጨምረው ነው። ገዢ «መርቂልኝ» ይላል፤ ሻጭም ትመርቃለች። ቃሉ የቄስም የገበያም ነው። ልዩነቱ የቄስ ምርቃት ከጆንያ አለመጉደሉ ብቻ ነው።

ለእኔ ምላስ አልተሰጠኝም። ልጅ ሆኜ እናቴ ይፋግ ገበያ ጨው እንድገዛ ስትልከኝ፣ «መርቁልኝ» ማለት አፍሬ የተሰፈረልኝን ብቻ ይዤ እመለስ ነበር። እናቴ ጨዉን በመዳፏ መዘን መዘን ታደርግና «ዛሬም ዝም ብለሽ መጣሽ» ትለኛለች። እኔ በያዝሁት ብር ልክ የተላከችው የጎረቤት ልጅ ሁልጊዜ ከእኔ የሚበልጥ ጨው ይዛ ትገባ ነበር። የዓይን አፋር ብርና የደፋር ብር እኩል እንደማይገዛ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት ስውል አባቴ ሊድረኝ አሰበ። የታሰበው ሰው ክፉ አልነበረም። ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ ወተታቸው የማይነጥፍ ላሞች አሉት። አባቴ ስለ ሰውየው ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ላሞቹ ነበር። እናቴ ፊት ለፊት እንቢ አላለችም፤ «እስቲ ትንሽ ከተማ ትይ» ብላ ወረታ ሩዝ ወደምትነግደው አክስቴ ላከችኝ። አክስቴ የአባቴ እህት ናት። ስትቀበለኝ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ ጆንያ ካጎደልሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ወደ ቤቴ ማለት ወደ ላሞቹ ማለት ነው።

ከዚያ ጣሳውን ለእኔ ሰጠችኝ።

ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ለመከልከልም እንደሚያፍር አክስቴ አላሰበችም። «መርቂልኝ» ያለኝን ሁሉ መረቅሁ። ሁለት ጊዜ ላለኝ ሁለት ጊዜ መረቅሁ። ብዙም ሳይቆይ በእኛ ጆንያ ፊት ሰው ይጋፋ ጀመር፤ የጎረቤት ሻጮች ዝንብ ያባርራሉ። አክስቴ ደስ ብሏት ሰነበተች። ጆንያው የሚጠበቀው ብር ሳይሞላ እስኪያልቅ ድረስ።

«አንቺ ልጅ፣ ጳጳስ ነሽ?» አለችኝ ባዶውን ጆንያ እያራገፈች። «ፎገራን በሙሉ ባርከሽ ልትጨርሺው ነው?»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ያልመለሰችኝ ለእኔ አዝና ሳይሆን ለተጋፋው ሰው ሳስታ ይመስለኛል። በማግስቱ ከቤት የቆርቆሮ ሳህን ይዛ መጣች፤ ከውስጥ ሥሩ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት፣ ጠርዙ የተላላጠ። በሩዝ ሞላችና ጉልበቴ ሥር አስቀመጠችው።

«የቀንሽ ምርቃት ይኸ ነው። አበባው ሲታይ አፍሽን ዝጊ። ከጆንያው አንዲት ፍሬ ብትመርቂ ግን ላሞቹን ታልቢያለሽ።»

ከደንበኞቻችን አንዱ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ መምህር ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ኢኮኖሚክስ ያስተምራሉ፤ ደሞዝ የወጣ ሰሞን ብቅ ይላሉ። ሳህኑን ሲያዩ የጠፋ ዘመዳቸውን ያገኙ ያህል ደስ አላቸው።

«በጀት ማለት ይህ ነው» አሉኝ። ከጣሳው ሥር በፈሰሰው የሩዝ ብናኝ ላይ በጣታቸው ጋደል ያለ መስመር አሰመሩ። «በዚህኛው ጫፍ ጤፍ አለ፣ በዚያኛው ጫፍ ሩዝ። ደሞዜ ከመስመሩ አያሳልፈኝም። በመስመሩ ላይ ግን የወደድኩትን እመርጣለሁ። ሸማች ነጻ ነው፣ እህቴ። በያዘው ገንዘብ ይበልጥ የሚያረካውን ይመርጣል።»

«እሽ» አልሁ። ለመምህር ሌላ መልስ አላውቅም።

አክስቴ ግን ከጀርባዬ ሆና ትሰማ ነበር። «ታዲያ ጤፉን ለምን አይመርጡም፣ መምህር?»

«የጤፍን ዋጋ እያወቁት!»

«እንግዲያ ምኑን መረጡት?»

መምህሩ የጣታቸውን ብናኝ አራገፉ። «ሩዙን ከማን እንደምገዛ መረጥኩ» አሉና ከረጢታቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «በይ መርቂልኝ።»

እውነታቸውን ነው። ዋጋው በየጆንያው አንድ ነበር፤ ምራቂው ግን አንድ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሳህኑን ሳይ መስመራቸው ትዝ ይለኝ ጀመር። እኔም እንደሳቸው ነጻ ነበርሁ፤ ሳህኑ እስካለ ድረስ የወደድሁትን እመርቃለሁ። ብቻ የወደድሁትን ስመርቅ ራሴን አይቼ አላውቅም። የሚጮኸውን ነበር የምመርቀው። ጠዋት የከተማ ሰው ይመጣል፤ እየሳቀ፣ እየተቆጣ፣ ክንዴን እየያዘ ያስጨምራል። እኩለ ቀን ላይ አበባው ይታያል። የገጠር ሰው ጭቃውን ሰብሮ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከእነሱ መሐል እንደኔ ያሉት ይለካላቸውና ትንሽ ይቆማሉ፤ አበባውን ያያሉ፤ ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ። ጨዌን ይዤ ስመለስ ከኋላ ምን እንደምመስል ያየሁት በእነሱ ነው።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ በመሰለበት ሰሞን እናቴ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ሩዝ ልትገዛ ነው የመጣችው። ሩዝ የሚዘራ ሰው ሩዝ መግዛቱ የሚደንቀው የእኛን አገር ያላወቀን ነው። በጥር ለማዳበሪያ ዕዳ ብለን በርካሽ የሸጥነውን በነሐሴ በውድ እንገዛዋለን። የኛው ሩዝ ከተማ ከርሞ፣ ነጥቶ፣ ጨዋ ሆኖ ይጠብቀናል።

«ለወንዛዬ ያልሽው ብርስ?» አልኋት በሹክሹክታ። ዝናቡ ሲያባራ ወደዚያ ወርዳ ጉልበቷን ፍል ውሃ ልትነክር ያስቀመጠችው ነበር።

«ጉልበት ይታገሣል። ሆድ ነው የማይታገሠው» አለችና ከረጢቷን ከፈተች።

መምህሩም እዚያው ነበሩ። የሳህኑን የመጨረሻ እፍኝ ያገኙት እሳቸው ስለሆኑ ሳይቸኩሉ ከረጢታቸውን ያስራሉ። ለእናቴ ለካሁላት። ዕድሜዋን ሙሉ ተናገሪ ስትለኝ የኖረች ሴት ናትና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በይ መርቂልኝ እንጂ» አለችኝ። «እናትሽ እኮ ነኝ።»

አበባው ከነቅጠሉ ይታያል። እጄ ከጆንያው አፍ ላይ ነበር። አክስቴ ፊቴን ሳይሆን እጄን ታያለች። አልቋል ማለት አቃተኝ፤ መዝገንም አቃተኝ።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ ወደ አክስቴ ዞራ።

«የልጅሽ ምርቃት ይቺ ሳህን ናት። ለዛሬ አልቃባታለች።»

«ጆንያው ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ጆንያውማ የኔ ነው፣ እቴ። ከሱ ከነካች ውላችንን ታውቂዋለሽ።»

እናቴ ውሉን ታውቀዋለች። ሳህኑን አየች፤ ከጆንያው አፍ ላይ የቀረችውን እጄን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከራሷ ከረጢት አንድ እፍኝ ሙሉ ዘገነችና አበባው ላይ አፈሰሰችው።

«ምርቃት የሚያልቅባት ልጅ አልወለድሁም» አለች።

ሰው ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም፤ ግን ከጆንያዋ የጎደለ ነገር አልነበረም። መምህሩ የከረጢታቸውን ክር እንደያዙ ቀሩ። «ይህ እንኳ ከመስመሩ ውጭ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ገዢ ለሻጭ አይመርቅም።»

ከእናቴ ኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች፣ እኔን የምታክል ልጅ ቆማ ነበር። ለካሁላት። አበባው መሸፈኑን አየች እንጂ ምንም አላለችም። የእናቴን እፍኝ አንስቼ ከረጢቷ ውስጥ ጨመርሁላት። ልጅቷ የተሳሳትሁ መስሏት ደንግጣ አየችኝ።

በማግስቱ አክስቴ ሳህኑን ከወትሮው ጎደል አድርጋ ሞላችው። «ሲያልቅብሽ የሚሞላልሽ አይጠፋም» አለችኝ። እኔም ከዚያችው ላይ ግማሹን ለይቼ በጨርቅ ሸፈንሁ። ጠዋት የሚጮኹት ሲመጡ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አልቋል» አልሁ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ጨርቁን እገልጣለሁ። ያኔ የምመርቀው ዝም የሚለውን ነው።

እስካሁን ወረታ ነኝ። ጆንያ አልጎደለም። ላሞቹም ሌላ አላቢ አገኙ ይባላል።

የጠዋት ደንበኞቼ ጥቂቶቹ ኮርፈው ወደ ጎረቤት ጆንያ ሄደዋል። መምህሩ ግን አልሄዱም። አሁን የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ያስለካሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ጥለው፣ ዓይን አፋር መስለው ይቆማሉ። አክስቴ ከኋላ ትስቃለች።

እኔም እመርቃቸዋለሁ። ሸማች ነጻ ነው።