ሳይመረቅ የማይነካው ክፍል

ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ባልዲ፣ አንድ መወልወያና አንድ የቁልፍ ዘለላ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እማማ አንጓች፣ ማንበብ ይችላሉ?» አሉኝ።

«ፊደል እለያለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዳንግላ ዋርካ ሥር ቆጥሬአለሁ» አልኩ።

«ይበቃል። የወንድና የሴት መጸዳጃውን ከለዩልን ይበቃል» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንጅባራ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባሁት እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ተምሬ አላውቅም፤ ተማሪ ቤት ሙሉ ወንበር ግን ወልውያለሁ።

ያኔ በየክፍሉ ፕላዝማ ነበር። ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ እንዳይሰረቅ በብረት ሣጥን ተቆልፎበታል። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መስኮት ስወለውል እሰማዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር አይቆምም፣ አይጠይቅም፣ ማንንም አይጠብቅም። ልጆቹ ርዕሱን ጽፈው ቀና ሲሉ እሱ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል። መብራት ይጠፋና ሲመለስ ደግሞ ደህና ሁኑ እያለ ያገኙታል። ከኋላ የተቀመጡት የገጠር ልጆች በአዊኛ «ምን አለ?» ይባባላሉ። የክፍሉ መምህር በቀረችው ጊዜ በአማርኛ ሊደርስላቸው ይሯሯጣል። ይህን ሁሉ ዓመት አይቼ «ተዉት፣ ሰው ያስተምራቸው» ማለት ያምረኝ ነበር። ማን ይሰማኛል? ወለሉን እወለውላለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

ከሚሌኒየሙ ወዲህ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆን፣ አንድ አይሱዙ ኮምፒውተር ጭኖ መጣ። ትምህርት ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ልጆች በሰልፍ ካርቶን ተሸከሙ። አሮጌው መጋዘን ጸድቶ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ መስኮቱ በብረት ታጥሮ የኮምፒውተር ክፍል ተባለ። ጽዳቱም ለእኔ ተሰጠ።

ዕቃውን ፈርመው የተረከቡት የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ልንገረው ናቸው። መልካም ሰው ናቸው፣ ልጅ ሲሞትብኝ ቤቴ ድረስ መጥተው አጽናንተውኛል። ግን ፈርመው የተረከቡትን ነገር ሰው ሲነካ ማየት አይችሉም። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አደረጉ፤ የአንዱ ቁልፍ እኔ ጋ፣ የሌላው እሳቸው ኪስ። እሳቸው ካልመጡ እኔም መጥረግ አልችልም። የሚገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ባለቤታቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ጠርዙ በአበባ የተጠለፈ ልብስ ሰፍታለት፣ ከዚያ በላይ ናይለን ተደረበበት። ሙሽራም እንዲያ አትሸፈንም።

የኮምፒውተር መምህርቷ ብርቱካን ትባላለች። ያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ልጅ ነች። ርዕሰ መምህሩን በረንዳ ላይ ያዘቻቸው። እኔ ደረጃውን እየጠረግሁ ነበር።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ልጆቹን የማስገባው?»

«ይመረቃላ መጀመሪያ። ሳይመረቅማ እንዴት ይነካል? ከዞን መጥተው ሪባን ይቁረጡ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ተነግሯቸዋል።»

ተነግሯቸዋል የተባለው በጥቅምት ነው። ጥር ሆነ፣ ሚያዝያ ሆነ፣ ሰኔ ሆነ። ብርቱካን ኮምፒውተሩን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣለችው። ማብሪያው ግንባሩ ላይ ያለ ክብ ነው። «በምኑ ነው የምናበራው?» ስትል ልጆቹ ወጥተው ጠመኔውን በጣታቸው ይጫናሉ። የእውነተኛው ኮምፒውተር በር ከዚያ ክፍል ሦስተኛው ነበር። እኔ መናደድ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ያን ዓመት ግን መወልወያውን ከሚገባው በላይ ጨምቄዋለሁ።

ክረምት መጣ። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሌላው መጋዘን ውስጥ የቀሩት የኮምፒውተሮቹ ባዶ ካርቶኖች ሻገቱ። አቶ ልንገረው ካርቶኑም ንብረት ነው ብለው አስቀምጠውት ነበር፤ ሽታው ሲብስባቸው «ውሰዱና አቃጥሉልኝ» አሉ።

«ደህና ደህናውን ብወስደውስ?» አልኳቸው።

«ለምን ይሆንዎታል?»

«ለልጄ ልጅ።»

«ይውሰዱት፤ ካርቶን አይበላሽ» አሉ።

የልጄ ልጅ ስመኝ ትባላለች። ከግምጃ ቤት ማዶ ካለው ቀበሌ መጥታ እኔ ጋ ሆና እዚሁ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። አባቷ አስረኛን እስክትጨርስ ነው የፈቀዱላት። ውጤት መጥቶላት ወደ ላይ ካለፈች መልካም፤ ካላለፈችና ከተማ ውስጥ ሥራ ካላገኘች ተመልሳ ትዳር ትይዛለች፤ ሰውየውም ታስቧል። ስመኝ ይህን ከነገረችኝ ወዲህ ማታ ማታ አታወራም ነበር።

ካርቶኑን ሳየው የብርቱካን የሰሌዳ ላይ ሥዕል ትዝ አለኝ። ለብርቱካን ወስጄ «እስኪ የሚጽፉበትን በዚህ ላይ ሣዪላት» አልኳት። በማርከር ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ በልካቸው ሣለችው። የአማርኛ ፊደል በአንድ ምት እንደማይወጣ፣ አንዱን መትቶ ሌላውን ማስከተል እንደሚያስፈልግ ለስመኝ አሳየቻት። የትኛው ጣት የቱን እንደሚነካም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆነ። እኔ ከአማርኛ መጽሐፏ ቀስ እያልኩ አነባለሁ፣ እሷ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመታለች። ምንም አይወጣም፣ ምንም አይታይም። ጣቷ ሲሳሳት ራሷ ታውቀዋለች፤ «እማ፣ ይመለሱልኝ» ትለኛለች፤ እመለሳለሁ። የማነበው ቀስ ብዬ ስለሆነ መጀመሪያ እኩል ነበርን። በኋላ እሷ ቀድማኝ «እማ፣ ይፍጠኑ እንጂ» ማለት አመጣች።

መስከረም ላይ ክፍሉ ሲከፈት የእርጥብ ጋቢ ሽታ ወጣ። በተጠለፈው አበባ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሎበታል። አቶ ልንገረው ደነገጡ።

«እማማ አንጓች፣ ከሰል ያቀጣጥሉ!»

«ለምን?»

«ክፍሉ ይሙቅና እርጥበቱ ይውጣ።»

እኛ አገር ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ የማይተክል፣ ከሰል የማያከስል የለም፤ ለሁሉ ነገር መድኃኒታችን ከሰል ነው። በሁለት ምድጃ አቀጣጥዬ አስገባሁ። ብርቱካን ሽታው አምጥቷት በሩጫ ደረሰች፤ ጫማዋንም አላወለቀችም።

«አቶ ልንገረው! ምን እያደረጉ ነው? ያብሯቸው እንጂ! ሲበሩ በራሳቸው ሙቀት ይደርቃሉ!»

«ሳይመረቅ አይበራም።»

«ከሰል ግን ይነድበታል?»

«ከሰሉ ዕቃውን አይነካውም።»

ይህን ሲሉ ምድጃው አጠገብ ያለው ናይለን እየተጨማደደ ወርዶ ቁልፎቹ ላይ ተጣበቀ። አመዱ ደግሞ ሁሉም ላይ ሰፈረ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በደረቅ ጨርቅ አመድ ስጠርግ ሰነበትኩ። አቶ ልንገረው የተጣበቀውን ኮምፒውተር በእርጥበት የተበላሸ ነው ብለው ወደ ጥግ ገፉት። ብርቱካን በረንዳው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

መናኸሪያው አጠገብ ወይዘሮ ፀዳለ የምትባል የጽሕፈት ሥራ ቤት ያላት ሴት አለች። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። ሰው እንደምትፈልግ ሰምቼ ስለ ስመኝ ነገርኳት።

«እማማ፣ በአንድ ጣት የምትለቅም አልፈልግም» አለች። «በሁለት እጇ የምትጽፍ ከሆነች ከፋሲካ በኋላ ያምጧት፣ ልፈትናት።»

ሮጥኩ። አቶ ልንገረውን ለመንኩ። «አንድ ቀን ብቻ፣ እርስዎ አጠገቧ ቆመው፣ እውነተኛውን ትንካው። ፈተና አለባት።»

«እማማ፣ ለርስዎ ብዬ ብከፍት ነገ ሁሉም ይመጣል። አንዷ ቁልፍ ብትነቀል ተጠያቂው ማነው? እኔ ነኝ።»

«ጥጉ ላይ ያለውን፣ የተበላሸውን ትንካው።»

«እሱማ ጭራሽ። የተበላሸ ዕቃ እስኪወገድ አይነካም።»

ያልተበላሸው አይነካም፣ የተበላሸውም አይነካም። ወጥቼ ባልዲዬን በእግሬ መታሁት። ባልዲው ምን አደረገ?

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ እንግዶቹ መጡ። ሪባኑ በሩ ላይ ተወጠረ፣ ልጆች ተሰለፉ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ርዕሰ መምህሩ «ከሰዓት ይመጣል ብለውናል» እያሉ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሪባኑ ተቆረጠ። አቶ ልንገረው እንግዶቹንም ጫማ አስወለቁ። ዋናው እንግዳ የካልሲያቸው አውራ ጣት ተቀዶ ነበርና አንዱን እግር በሌላው ላይ ደርበው ቆሙ።

«እስኪ አንድ ተማሪ ታሳየን» አሉ።

ብርቱካን ስመኝን ገፋ አደረገቻት። ስመኝ ተቀመጠች። ልብሱ ተገለጠ። እጆቿን አሳረፈችና ቆም አለች፤ ቁልፎቹ ሰመጡባት። ካርቶኑ አይሰምጥም ነበር። ከዚያ ጀመረች። ጣቶቿ እንደ ዝናብ ወረዱ። ፊት ለፊቷ ያለው መስታወት ግን ጥቁር ነው፤ የእንግዶቹ ፊት ብቻ ይታይበታል።

«ምን ጻፍሽ?» አሉ እንግዳው።

«‹ዛሬ ኮምፒውተር ነካሁ› ነው ያልኩት።»

ሁሉም ሳቀ። ተጨበጨበ። «ጎበዝ! እንግዲህ ክፍሉ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል ማለት ነው» ብለው ወደ ምሳው ሄዱ።

ምሳው ሳያልቅ መብራት መጣ። አቶ ልንገረውን በር ላይ ያዝኳቸው። «ተመረቀ፣ መብራትም መጣ። ይክፈቱላት።»

«ዛሬ ደክሞናል እማማ። ፕሮግራም ይወጣለታል።»

ቅዳሜ ስመኝን ይዤ ፀዳለ ጋ ሄድኩ። ገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ፀዳለ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እያሳየች «አብሪና ይህን ገልብጪልኝ» አለች፤ የአንድ ዕድር ደንብ ሰጠቻት። ኮምፒውተሩ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ዓይነት ነው። ስመኝ ግንባሩን ፈለገች። ጠመኔው ላይ የነበረው ክብ የለም። ዙሪያውን ዳሰሰችው። መክደኛውን መክፈት እንዳለባት እንኳ አላወቀችም።

«ተምሬአለሁ አላልሽም?» አለች ፀዳለ።

«ተምሬአለሁ።»

«ታዲያ ማብራት አታውቂም?»

«የኛው በርቶ አያውቅም።»

ፀዳለ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ልጅቷ እየቀለደችብኝ ነው?»

«አትቀልድም፣ ልጄ» አልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። የተሰለፈው ሰው ጭምር ሰማ። ፀዳለ ፎቶ ኮፒው ላይ ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች። ስመኝ አንገቷን ደፋች። እኔ አልሳቅሁም፤ የልጅቷ ኑሮ ነው የተያዘው።

ፀዳለ ዓይኗን ጠርጋ ራሷ ከፈተችላት፣ አበራችላት። ስመኝ ወረቀቱን አየች፣ ጀመረች። እጇንም አላየችም፣ መስታወቱንም አላየችም። አንድ ገጽ ሙሉ ከወረቀቱ ቀና ሳትል ሄደች።

«ስክሪኑን እይው እንጂ!» አለች ፀዳለ።

«ማየት አልለመድኩም።»

ፀዳለ ጎንበስ ብላ አነበበች። መስመሩ ሳይከፈል አንድ ላይ ፈሷል፣ ርዕሱ ከደንቡ ጋር ተጣብቋል። ፊደሉ ግን ከጥቂቱ በቀር በቦታው ነው። «ማብራቱንና መስመሩን አሳይሻለሁ» አለች። «ይህን ጣት ግን ከማንም አላገኝም። ሰኞ ነይ።»

ስመኝ እጇን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ማታውኑ ለግምጃ ቤት ሚኒባስ ሾፌር ለአባቷ የሚያደርሰው መልእክት ሰጠሁት፤ «ስመኝ ሥራ ይዛለች፣ ሰውየውን አሰናብቱት በልልኝ» አልኩት።

እኔ በዓመቱ ጡረታ ወጣሁ። ብርቱካን ተዛውራለች። አንድ ቀን ፀዳለ ቤት ስመኝ ጋ ተቀምጬ ሳለ አቶ ልንገረው ገቡ። አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ ለስመኝ፣ «አንድ ማስታወቂያ በደማቁ ጻፊልኝ» አሏት። «‹ያለ ንብረት ክፍል ፈቃድ ኮምፒውተር መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው› በይ።»

ስመኝ ጻፈችው፤ አፍታም አልፈጀባት። እሳቸው ጣቷን እያዩ ተደነቁ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተማርሽው?»

«እናንተ ጋ።»

«አዩ እማማ!» አሉኝ በኩራት። ማስታወቂያውን እንዳይታጠፍ በፕላስቲክ አድርገው ይዘው ወጡ። እኔም ደህና ይግቡ አልኩ።

በጽዳትም በንብረትም አዲስ ለምትገቡ የማስተላልፈው ይህን ነው። ኮምፒውተር በመቀመጥ አይጠነክርም፤ ይሻግታል። ልጆች ይማሩበት ተብሎ ከመጣ፣ በመጣበት ቀን አብሩትና አስገቧቸው።