«ድክመትሽ ምንድን ነው?»

ኖርክሮስ ከተማ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ለቢዝነስ ውድድር ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የልምምድ ኢንተርቪው እንዳደርግላቸው ተለምኜ ሄድኩ። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ተራ በተራ «ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። አሠልጣኛቸው ያስጠናቸው ነው። ራስን ማሞገስ ድክመት ተባለ እንግዲህ! ስድስተኛዋ ልጅ ግን «ሰው ሲቆጣኝ አለቅሳለሁ» አለች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ያ ከረባታም አሠልጣኝ ወዲያው ጥግ ወስዶ አንሾካሾከላት። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ስደግምላት፣ ፈገግ ብላ «ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ። እሱ አጨበጨበላት። ይሄንን ነው እንግዲህ አስተማሪ የሚሉት! መኪናዬ ድረስ ስሰድበው ሄድኩ። በሩን ስዘጋ ግን፣ እኔስ ሥራዬን ያገኘሁት ምን ብዬ እንደሆነ ትዝ አለኝ።