ምላሷን ያመነ ማድ ቤት

በዚያ ሆስፒታል ማድ ቤት «ሚዛን» ሲባል ዞር የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ዋናዋ ወጥ ሠሪ። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራው የለም። ሚዛን ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ጨው በማንኪያ ለክታ አታውቅማ። እፍኟን ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች። በቃ። እሷ «ይሂድ» ያለችው ይሄዳል፣ «ይቆይ» ያለችው ይቆያል። ኃላፊው ራሱ እሷን አልፎ ትንፍሽ አይልም።

ምሳ ሲደርስ ምድጃው ላይ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ይጣዳሉ። የቀኙ ጨው ያለበት ነው፣ ለመላው ሆስፒታል፤ የግራው ጨው የሌለበት፣ ለልብ ሕመምተኞች። ድስቶቹ መንታ ናቸው፤ ሾርባውም መልኩ አንድ ነው። ምልክት እናድርግባቸው የሚል ቢገኝ ኖሮ ይሳቅበት ነበር። ምልክቱ የሚዛን ምላስ ነዋ! ድስት ያነሳም ሆነ ያዛወረ ሰው «አዛውሬዋለሁ» ብሎ አይናገርም፤ ለምን ይናገራል፣ እሷ ሳትቀምሰው የሚወጣ ነገር የለ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ጉዱ የፈላው ከዚህ ነው።

ያ ምላስ ከዳት። መቼ እንደጀመራት እሷም በውል አታውቀውም። መጀመሪያ ዳቦው አልጥም አላት፤ ጋጋሪውን አማችው። ቀጥሎ ሾርባው ሞቅ ያለ ውሃ ሆነባት። አንድ ቀን ማንም ሳያያት የጨው ቅንጣት ምላሷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። አሸዋ የላሰች ያህል ነው፤ ይቆረቁራል እንጂ ጣዕም የለውም። ክው አለች። ጉንፋን የላት፣ ትኩሳት የላት፤ ሽንኩርት ሲጠበስ ገና ከበሩ ይሸታታል። የጨው ነገር ግን ድራሹ ጠፍቷል።

ለማን ትናገር? ከእሷ በፊት የነበረው ዋና ወጥ ሠሪ ደረጃ ላይ ወድቆ ማጅራቱን ተመታና ማሽተት አቃተው። ሳይውሉ ሳያድሩ ልብስ እጥበት ክፍል ወረወሩት። ተጫዋች ሰው ነበር፤ ዛሬ አንሶላ ሲጨምቅ ሰላም ቢሉት እንኳ ቀና አይልም። እሱን ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። እኔ ብሆን እናገር ነበር ማለት ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው፣ ስሟም ጭምር።

ስለዚህ ብልሃት ፈጠረች። ቀጮ የሚሉትን ምክትሏን ጠርታ፣ «ና እስቲ ቅመስ፣ ሙያህን ልየው» ትለዋለች።

«ትንሽ ጨው ይፈልጋል እትዬ።»

«ጎበዝ። ጨምርበታ።»

ቀጮ ሊሾም መስሎት ደረቱን ነፋ። እሷም በሱ ምላስ ስትሠራ ከረመች። ታዲያ አንድ ቀን እየሳቀ፣ «ምነው እትዬ፣ ምላሴን ተከራየሽው እንዴ? ያንቺን ምን ነካው?» አላት። ቀልዱን ነው። እሷ ግን ላብ አጠመቃት። «ሥራህን ሥራ!» ብላ አምባረቀችበትና ከዚያ ወዲያ እንዲቀምስ መጥራቱን ተወች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታላቅ ወንድሟ እላይ ልብ ክፍል ተኝቷል። ጋሼ ነው የምትለው። ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የጨረሰ፣ አባታቸው ሲሞት እሷን ያሳደገ ሰው ነው። ልቡ ደክሞ እግሩ እንደ ትራስ አብጧል። ውሃ በልክ፣ ጨው በጭራሽ ተብሏል፤ ጨው ካገኘ ውሃው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያኔ መተንፈስ ያቅተዋል። እሱ ደግሞ ባያት ቁጥር ይለማመጣታል።

«አንቺ ልጅ፣ አንዲት ቁንጥር ጣል ብታደርጊልኝ ማን ያያል?»

«ልትሞትብኝ ነው ጋሼ?»

«ይሄን ለብ ያለ ውሃ እየጠጣሁ ከመኖር ይሻላል።»

ይሳሳቃሉ። እሷ ከክፍሉ ትወጣና ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች።

ቀጮ ላይ በጮኸች ማግስት ነው። የቀኙ ድስት ቀድሞ ፈላ። እፍኟን ጨመረች፣ ላሰች፤ ምንም። አንሶ ይሆን? ሌላ እፍኝ ደገመች፤ አሁንም ምንም። «ይበቃል፣ ይበቃል» አለች ለራሷ፤ ይብቃ አይብቃ በምን ታውቃለች? በዚህ መሃል ድንች የጫነው መኪና ጓሮ በር ላይ ጥሩምባውን ነፋና ልትረከብ ወጣች።

ስትመለስ ጋሪዎቹ ተሰልፈዋል። ቀጮ የለም፤ ጋዝ ሊያመጣ መጋዘን ሄዷል። የልብ ክፍልን ምሳ የምታደርሰው ጋሪ ገፊ፣ «የኔ የግራው ነው አይደል?» አለቻት። ሚዛን ጭልፋውን አነሳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ላሰች፣ ከንፈሯን እንደ ድሮው አጣጣመች። ዓይንን በጨው አጥቦ ማለት ይሄ ነው። «የግራው ነው፤ ውሰጂ» አለች።

ጋሪዋ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ቀጮ ሲሊንደሩን እያንከባለለ ገባ።

«የግራው ምድጃ እሳቱ ሞቶብኝ ነበር እኮ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጨው የሌለው አልፈላ ሲል ድስቶቹን አቀያየርኳቸው። ቀምሰሽዋል መቼም።»

ሽርጧን እንዳገለደመች ተፈተለከች። ሊፍቱን ማን ይጠብቃል! ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። «አምላኬ፣ ሳይታደል ድረስልኝ» ትላለች፤ ሁለቱ እፍኞች ዓይኗ ላይ ተደቅነዋል።

ማደል የሚጀመረው ከበሩ አጠገብ ካለው አልጋ ነው። እዚያ የተኛው ደግሞ ጋሼ ነው። ስትገባ ጎድጓዳ ሳህኑ ባዶ ነው። አገጩን እየጠረገ ፈገግ አለላት።

«ዛሬ ገና ሠራሽ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እጅሽ ይባረክ።»

ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

የክፍሉ ሲስተር ሰምታዋለች። መጣችና ሳህኑን አነሳች፣ ከሥሩ የቀረውን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ጨው አለበት። ማነው የጨመረው?»

ሚዛን አፏን ሳትከፍት ጋሼ ቀደማት።

«እኔ ነኝ። ከቤት አስመጥቼ ደብቄው ነበር። እሷ የለችበትም።»

ሲስተሯ በንዴት ትራሱን ታገላብጥ ጀመር።

እንግዲህ ለሚዛን መንገድ ተከፈተላት። ዝም ብትል ሥራዋም ክብሯም ይተርፋል፤ ወንድሟ ጥፋቱን በገዛ ፈቃዱ ተሸክሞላታል። በሌሎቹ አልጋዎች ላይ ግን ሾርባው እየጨሰ ነው። ከጋሼ ቀጥሎ የተኙት፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ የተሰካላቸው እናት ማንኪያቸውን ሞልተው እፍ እፍ ይላሉ።

ሚዛን ዘልላ ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቀች። ሾርባው አንሶላው ላይ ተደፋ።

«ማንም እንዳይነካው» አለች። «ጋሼ ይዋሻል። ድስቱ በሙሉ ጨው ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ። ምላሴ አይቀምስም። ጣዕም ከጠፋብኝ ቆይቷል፤ ደብቄያችሁ ነው።»

ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ሳህኖቹ ተሰበሰቡ፣ ጋሪዋ ተመለሰች። ከጋሼ በቀር ሾርባውን የነካ አልነበረም።

እሱ ግን ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ እያጠረ መጣ። ደረቱ ሲንተከተክ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ኦክስጅን ሰኩለት፣ ሽንት የሚያወርድ መርፌ ወጉት። ሚዛን አግዳሚው ላይ ኩርምት አለች። የማድ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ «ከነገ ጀምሮ ድንች ላጭ ነሽ» ሲላት ራሷን ነቀነቀች እንጂ ምን እንዳለ እንኳ በደንብ አልሰማችውም።

ዶክተሯ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከሸና ይተርፋል። እስኪለይ ድረስ ስለ ምላስዎ ያውሩኝ» አለቻት። «ጉንፋን ይዞዎት ነበር? ሳይነስ አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ጭንቅላትዎን ተመትተው ያውቃሉ? ጆሮዎን ቀዶ ሕክምና ተደርገዋል? የደም ግፊት ወይም የእንቅርት መድኃኒት ይወስዳሉ? አፍዎስ ይደርቃል?»

«ኧረ ምንም የለብኝ።»

«እነዚህ ሁሉ ጣዕም ያጠፋሉ። እስቲ ጥርስዎን ያሳዩኝ።» ጥርሷ ቡናማ ሆኗል። «በምንድነው የሚጉመጠመጡት?»

ሚዛን ግራ ገባት። ጥርሷን ስትነቀል የጥርስ ሐኪሙ የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት አዞላት ነበር፣ ቁስሉ እስኪድን ብቻ። እሷ ወደደችው። የሰው ምግብ የሚቀምስ አፍ ንጹሕ መሆን አለበት ብላ፣ ከፋርማሲ እየገዛች፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት በየጠዋቱ ለወራት ተጉመጠመጠችበት።

«የእሱ ሥራ ነው» አለች ዶክተሯ። «ሲዘወተር ጥርስ ያጠቁራል፣ የጨውንም ጣዕም ይወስዳል። ይተዉት፤ ቀስ እያለ ይመለስልዎታል።»

ሚዛን አልተደሰተችም። የኔ ምላስ ቢመለስ ምን ሊረባኝ፣ እሱ ካልተመለሰ፣ አለች በሆዷ። ለንጽሕና ብላ ያደረገችው ወንድሟን ሊገድልባት ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሸና። ትንፋሹ ረገበ፤ ግቢ አሏት። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

«ለምን ዋሸህልኝ ጋሼ?»

«ሊያባርሩሽ ነዋ። ለኔ ብለሽ ያደረግሽው መስሎኝ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም። አላወቅሁም። ጨው አይታወቀኝም አልኩ እኮ።»

«እንደሱ ነው ለካ» አለ። «የመጀመሪያዋን ማንኪያ ስውጥ ጉሮሮዬን ላጠኝ። ጨው ብቻ ነበር። ሰው የሚበላው አልነበረም።»

ሚዛን እጁን ለቀቀችው። «ታዲያ ለምን ጨረስከው?»

«ስንት ጊዜ ለምኜሽ» አለ፣ «ዛሬ አንዴ እሺ ብትዪኝ፣ እንዴት አድርጌ ልመልስብሽ?»